«ስንት ዓመት? ስንት ኪሎ?»፦ ነርሶችና አስታማሚዎች የጠየቁን

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ሁለቱ ከነርሶች፣ ሁለቱ ወላጃቸውን ቤት ውስጥ ከሚያስታምሙ ልጆች፣ አንዱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። አምስቱም የሚነሡት ከዕድሜ ነው፤ የሕፃን፣ የጎረምሳና የአዛውንት ሰውነት ለአንድ ዓይነት እንክብካቤ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት በአዋቂዎች ክፍል ሠርቼ ባለፈው ወር ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛወርኩ። የ7 ወር ሕፃን ትንፋሽ 44 ሆኖ ሳገኘው ደንግጬ ሐኪም ጠራሁ፤ «ለዕድሜው ደህና ነው» ተባልኩ። በማግስቱ የ3 ዓመት ልጅ ላይ ያንኑ 44 አይቼ ዝም አልኩ፤ ልጁ ግን የሳንባ ምች ነበረበት። የሽሮፑና የግሉኮሱ ሂሳብም ያስጨንቀኛል። ከምን ልጀምር? (ነርስ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱንም ጊዜ በትክክል ቆጥረዋል፤ የተለያየው የልጆቹ ዕድሜ ነው። በደቂቃ ሲቆጠር ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ሲሆን ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ሦስቱን ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጀርባ ይለጥፏቸው።

አቆጣጠሩም የራሱ መላ አለው። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱ ተገልጦ ሆዱ እየታየ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለጨቅላ አይሆንም። ጨቅላ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ለ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆም ስለሚል ሂሳቡ ይዛባል። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ 60ና ከዚያ በላይ ካገኙ ደግመው ይቁጠሩ። ትንፋሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ፣ ቴርሞሜትርና መርፌ መጨረሻ ነው፤ አንዴ ካለቀሰ ቁጥሩ አይታመንም። ሲቆጥሩ ዓይንዎ የጎድን አጥንቱ ግርጌ ላይ ይሁን። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሐኪም ይጥሩ።

የትኩሳትም ነገር እንዲሁ ነው። አዋቂ ኢንፌክሽን ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ያተኩሰዋል። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ሊቀዘቅዝ ይችላል። በብብት ተለክቶ 37.5 እና ከዚያ በላይም ሆነ ከ35.5 በታች ሁለቱም የአደጋ ምልክት ናቸው። ጡት የተወ፣ ሲነካኩት ካልሆነ በቀር የማይንቀሳቀስ «ጸጥተኛ» ጨቅላ ከሚያለቅሰው ይልቅ ሊያሳስብዎ ይገባል።

ወደ ሽሮፑ እንምጣ። ለልጅ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ዛሬ ካልተመዘነ መድኃኒት አይቅዱ። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እየተጠበቀ ይሰጣል፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ትልቁ መጠን 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ከተጻፈ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ከሆነ ግን 2.4 ሚሊ ሊትር ብቻ። ለዚህ ነው ለእናት «አንድ ማንኪያ ስጪው» ማለት አደገኛ የሚሆነው፤ የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። ሲሪንጁን ይስጧት፣ መስመሩን በእስክሪብቶ ያሳዩአት፣ እርስዎ እያዩ ራሷ ትቅዳ። ካርድ ላይ ሲጽፉ ደግሞ ከነጥብ በፊት ዜሮ ይኑር (0.5)፣ ከነጥብ በኋላ ግን አይኑር፤ «5.0» ተብሎ የተጻፈውን ተረኛው 50 ብሎ ሊያነበው ይችላል።

በደም ሥር በሚሰጥ ግሉኮስ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ጠብታው ላይ ነው። 12 ኪሎ የሆነ ልጅ የቀን ፈሳሹ ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎዎች 100 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ለቀሪዎቹ 2 ኪሎዎች 50 ሚሊ ሊትር በኪሎ ሆኖ 1,100 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ በሰዓት 46 ያህል ማለት ነው። በሕፃናት የግሉኮስ ማውረጃ ቱቦ፣ 1 ሚሊ ሊትሩ 60 ጠብታ በሆነው፣ በደቂቃ 46 ጠብታ ነው። በአዋቂዎች ማውረጃ፣ 1 ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሆነው፣ 15 ብቻ ነው። የአዋቂውን ሰቅሎ 46 የቆጠረ ሰው የልጁን የ24 ሰዓት ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይጨርስበታል። ስለዚህ ጠብታ ከመቁጠርዎ በፊት የማውረጃውን ማሸጊያ ያንብቡ። ይህ ሂሳብ ለጨቅላ አይሠራም። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅም (ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ) አይሠራም፤ የተዳከመ ልቡ ፈሳሹን ስለማይችለው በደም ሥር የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ሲገባ (የደም ዝውውሩ ክፉኛ ሲዳከም) ብቻ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ለሕፃን የጭኑ የፊት ለፊት ውጫዊ ጎን ላይ እንጂ መቀመጫው ላይ አይደለም፤ የመቀመጫው ጡንቻ ገና ቀጭን ስለሆነ መርፌው የእግሩን ትልቅ ነርቭ ሊያገኘው ይችላል። እናት እያጠባችው ቢወጋ ሕመሙ በእውነት ይቀንሳል። «ካለቀስክ መርፌ ትወጋሃለች» እያሉ በእርስዎ የሚያስፈራሩ ወላጆችን ደግሞ በትሕትና ያስቁሟቸው። ለልጁም «አያምህም» አይበሉት፤ «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ እስከ አምስት ስንቆጥር ያልቃል» ይበሉት፤ በሚቀጥለው ቀን እንዲያምንዎት።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ከ4 ወር በፊት ስትሮክ መቷት ግራ ጎኗ አይታዘዝም። ወገቧ ግርጌ ላይ ቆዳዋ ጠቆር ብሏል፤ ጎረቤት ቫዝሊን አድርጌ አጥብቄ እንዳሸው፣ ከሥሯም ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠምጥሜ እንዳስቀምጥ መከረችኝ። ውኃ ስትጠጣም ትን ይላታል። (ልጅ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱንም ምክሮች ይተዉአቸው። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሥጋ በአጥንትና በፍራሽ መካከል ተጨፍልቆ ደም አጥሮታል፤ አጥብቆ ማሸት የቀሩትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ቀለበቱም ዙሪያውን እየተጫነ ወደ መሃል የሚሄደውን ደም ያስቀራል። የአልጋ ቁስል መጀመሪያው ይህ ነውና ዛሬውኑ ይጀምሩ።

መጀመሪያ ይመርምሩት። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም፤ ስለዚህ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት፤ ከአካባቢው ይሞቃል? ጠጠር ይላል? ወይስ ላላ ብሎ ይረጥባል? ሲነኩት ያማቸዋል? በጣትዎ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ሲለቁት መልኩ ምንም ካልተለወጠ ጉዳቱ ጀምሯል። ተረከዝን፣ የዳሌ ጎንን፣ የትከሻ አጥንትንና የጆሮን ጠርዝ በየቀኑ ገላ ሲያጥቧቸው እንዲሁ ይመልከቱ።

ከዚያ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጧቸው፦ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። ቦታው እስኪሻለው ጀርባውን ይዝለሉት። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ግን የዳሌውን አጥንት ስለሚጫነው ከጀርባቸው ትራስ ደግፈው 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው ይተኙ። ከባታቸው ሥር ሌላ ትራስ ያድርጉ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ ይቅር። ለብቻዎ ከሆኑ ሌሊቱን ሙሉ በየ2 ሰዓቱ መነሣት ያደክማል፤ ወፍራም፣ ያልረገበ ስፖንጅ ፍራሽ ካለዎትና ጠዋት ቆዳው ካልባሰ ሌሊት ላይ እስከ 4 ሰዓት ማራዘም ይቻላል። ወደ ላይ ሲያወጧቸው አይጎትቷቸው። አንሶላ አጥፈው ከሥራቸው ያንጥፉና ሁለት ሆናችሁ አንሡ። በተለይ የግራ ክንዳቸውን ይዘው አይሳቡ፤ የማይታዘዝ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል። ላስቲክ በቀጥታ ከቆዳቸው ሥር አይሁን፤ ላብና ሽንት ይይዛል። ቫዝሊኑ አይጣል፤ ሽንት የሚነካውን ቦታ ካጠቡና ካደረቁ በኋላ ሳያሹ በስሱ ይቀቡት። ቆዳው ከተላጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ሽታ ካመጣ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።

ትንታው እኩል ያሳስበናል፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ያመጣልና። ከስትሮክ በኋላ ሲዋጥ የአየር ቧንቧው አፍ የሚዘጋው ዘግይቶ ነው፤ ውኃ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞት ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ወፈር ያለ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች ቀስ ብለው ስለሚወርዱ ይሻላሉ። ቀጭን መረቅ ውስጥ የተፈተፈተ እንጀራ ግን ፈሳሽም ጠጣርም በአንድ ጊዜ ስለሆነ አስቸጋሪ ነው። ቀጥ አድርገው ያስቀምጧቸው፣ ግራ ጎናቸውን በትራስ ይደግፉ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ ይበል። ከፊታቸው ተቀምጠው በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሹን፣ በደህናው በኩል ያጉርሷቸው። መዋጣቸውን ሳያዩ ሁለተኛ አያቅርቡ። ሲጨርሱ ግራ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረ ምግብ እንዳለ ይመልከቱ፣ ጥርሳቸውን ይቦርሹላቸው፣ ለ30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩ። ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ጉሮሮው ውኃ እንደያዘ ሰው ድምፅ ከሆነ፣ ከሳሉ ወይም ካተኮሳቸው ጤና ጣቢያ ለመውሰድ አይዘግዩ። ኪኒን ከመፍጨትዎ በፊት ፋርማሲ ይጠይቁ፤ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ኪኒን ሲፈጭ የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ ይለቃል።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመቱ ነው፤ ለስኳር ግሊቤንክላማይድ ይወስዳል። በሁዳዴ ጠዋት ኪኒኑን ውጦ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ባለፈው ዓርብ ቅዳሴ ላይ ነገር መቀላቀል ጀመረ፣ ከዚያ ወደቀ። እርጅና ነው ወይስ ሌላ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የስኳር መውረድ ነው። ይህ ኪኒን ምግብ ኖረም አልኖረም ስኳርን ያወርዳል። ኩላሊት በዕድሜ ሲዳከም ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ወጣት ሰው ስኳሩ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ አዛውንት ግን ብዙ ጊዜ የሚታይበት ንግግር መቀላቀል፣ መንገዳገድና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ቤተሰብም እርጅና ወይም ስትሮክ ይመስለዋል። መለኪያ ካለ ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለም ሳይጠብቁ፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልተስተካከለ ይድገሙ፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይግባ፤ በጎናቸው አስተኝተው ሐኪም ቤት ያድርሷቸው። ቢነቁም እንኳ ይታዩ፤ ኪኒኑ ገና ስላላለቀ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። ከሚቀጥለው ጾም በፊት ሐኪማቸው መድኃኒቱን እንዲቀይር ወይም ሰዓቱን እንዲያስተካክል ያነጋግሩት። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ እንደሚሆን ከእርስዎ ይልቅ ከነፍስ አባታቸው ቢሰሙት ይቀበሉታል።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ታካሚዬን ስጠይቃት እናቷ ትመልስልኛለች። እንዴት ላድርግ? (ነርስ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እናቷን በክብር፣ እንደ ደንብ አድርገው ያስወጧቸው፦ «በዚህ ዕድሜ ያሉትን ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻ እናነጋግራለን፣ ከዚያ እርስዎን እንጠራለን።» ለልጅቷ መጀመሪያ የምስጢሩን ወሰን ይንገሯት፤ የምትነግርዎ ከእርስዎ ጋር እንደሚቀር፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሰው እየጎዳት ከሆነ ግን ለሚረዳት ሰው መናገር ግድ እንደሚሆንብዎ። ከቤትና ከትምህርት ይጀምሩ፤ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ግንኙነትና ስለ ስሜቷ በኋላ ይምጡበት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሆም ሄልዝ ኤይድ (ሕመምተኛን ቤቱ ሄዶ የሚረዳ ሠራተኛ) ነኝ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው የ86 ዓመት እናት እረዳለሁ። እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው በአማርኛ ብቻ ያወራሉ። ያማዎታል ወይ ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ማታ ላጥባቸው ስል ግን ይመቱኛል።

መልስ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሰላምታ መልስ ነው፤ ስለ ሕመም የተሰጠ መልስ አድርገው አይውሰዱት። እንዲህ ባሉ ታካሚዎች ላይ ሕመም የሚነበበው በአምስት ነገር ነው፦ በትንፋሽ፣ በማቃሰት፣ በፊት፣ በሰውነት መኮማተርና ሲያባብሏቸው በመረጋጋት ወይም ባለመረጋጋት። ነርሶች ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣሉ። ተቀምጠው ሳሉም ሲንቀሳቀሱም ይመልከቱ፤ የጉልበት ሕመም ተቀምጠው አይታይም። «ያማዎታል?» ከማለት ጉልበታቸውን በእጅዎ ደገፍ አድርገው «እዚህስ እንዴት ነው?» ይበሉ፣ ቀስ ባለ፣ ወፈር ባለ ድምፅ፤ ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

ገላውን ወደ ጠዋት ያዛውሩት፤ ሲመሽ መደናገሩ ይብሳል። ክፍሉን አስቀድመው ያሙቁ። ከላይ የሚወርድ ሻወር ያስደነግጣቸዋልና በፎጣ ተሸፍነው የሚታጠበው ቦታ ብቻ እየተገለጠ ከእግር ይጀምሩ፣ ፊትና ራስ መጨረሻ ይሁን። ቁጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪዋ ነርስ ይደውሉ። ማስታወሻዎ ላይ «መታጠብ እምቢ አሉ» ብቻ አይጻፉ። «ግራ ጉልበታቸውን ስዘረጋው ፊታቸውን ቋጠሩ፣ እጄን ገፉ፤ ስተወው ተረጋጉ» ብለው ከጻፉ ነርሷ የሕመም ማስታገሻ የሚያስፈልግበትን ሰዓት ከዚያው ታገኘዋለች።