4.2 ከ4 ይበልጣል? ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። የምሠራው በሦስት ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 4 እና በስድስት ጆይስቲክ ነው። ደንበኛዬ በብዛት ኳስ ነው የሚጫወተው። አሁን ማሽኖቹ ዘገምተኛ ሆነውብኛል፤ ጌም እስኪከፈት ሰው ይሰለቻል። ኮምቦልቻ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ አግኝቻለሁ፤ ሌላ ነጋዴ ደግሞ አዲስ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ላምጣልህ ይለኛል። ፕሮው 4.2 ቴራፍሎፕስ፣ ሲሪስ ኤስ 4 ነው አሉኝ። ታዲያ ፕሮው ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ በቁጥሩ አዎ፣ በጉልበቱ ግን አይደለም። ለእርስዎ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ባይገዙ ይሻላል።

ቴራፍሎፕስ የሚባለው ግራፊክስ ቺፑ በሰከንድ ቢበዛ ስንት ትሪሊዮን ስሌት መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ የወረቀት ጣሪያ ነው። አወጣጡ ቀላል ነው፤ የቺፑ የስሌት ክፍሎች ብዛት በ64፣ ከዚያ በ2፣ ከዚያ በፍጥነቱ ይባዛል። ፕሮው 36 ክፍል በ911 ሜጋኸርዝ አለው፣ 4.2 ይመጣል። ሲሪስ ኤስ 20 ክፍል በ1,565 ሜጋኸርዝ አለው፣ 4 ይመጣል። ይህ ሒሳብ ሁለት ማሽኖችን በትክክል የሚያወዳድረው ቺፖቹ የአንድ ዘመን ሥራ ሲሆኑ ነው። በ2013 የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 (1.84) እና ኤክስቦክስ ዋን (1.31) ቺፓቸው የአንድ ቤተሰብ ስለነበር ልዩነቱ በዓይን ታይቷል፤ ብዙ ጌም በመጀመሪያው 1080ፒ፣ በሁለተኛው 900ፒ የምስል ጥራት ነበር የሚሠራው። የ2016ቱ ፕሮ እና የ2020ው ሲሪስ ኤስ ግን የዘመን ልዩነት አላቸው። አዲሱ ቺፕ ከእያንዳንዱ ስሌት የሚያወጣው ሥራ ይበልጣል።

ቁጥሩ ጭራሽ የማይነካው ደግሞ ሲፒዩውን (ዋናውን ፕሮሰሰር) እና ዲስኩን ነው። የፕሮው ስምንት ኮር በ2.13 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ጃጓር ነው፣ መጀመሪያውኑ ለርካሽ ላፕቶፕ እና ለታብሌት የተሠራ። የሲሪስ ኤስ ስምንት ኮር ዜን 2 የሚባለው አዲስ ፕሮሰሰር ነው፣ እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ። ፕሮው የሚያነበው ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ ቢበዛ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ። የሲሪስ ኤስ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) በሰከንድ 2.4 ጊጋባይት ያነባል። በሜሞሪ ፍጥነት ብቻ ተቀራራቢ ናቸው፤ 218 እና 224 ጊጋባይት በሰከንድ። ስለ ትልልቆቹም ክርክር ይሰማሉ፦ ፕሌይስቴሽን 5 10.28፣ ሲሪስ ኤክስ 12.15። እነዚህ የአንድ ዘመን ስለሆኑ ማወዳደሩ ያስኬዳል፤ በ1080ፒ ቲቪ ላይ ግን ልዩነቱን የሚለይ ደንበኛ አይመጣልዎትም።

ታዲያ ሲሪስ ኤስ ጠንካራ ከሆነ ለምን አይገዛም? ዲስክ ማስገቢያ የለውም። በእጅዎ ያሉት የጌም ዲስኮች አይሠሩበትም፣ እያንዳንዱን ጌም እንደገና ገዝተው በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ማውረድ ሊኖርብዎት ነው። ስድስቱም ጆይስቲክ እሱ ላይ አይሠሩም። ፕሮውም ቢሆን ዋናው ጥቅሙ 4ኬ ቲቪ ላይ ነው፤ ኳሱ አሁን ባሉት ማሽኖች ላይም በሰከንድ በ60 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሄደው።

የእርስዎ ችግር የቺፕ አቅም ሳይሆን የደከመ ሃርድ ዲስክ ነው የሚመስለው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ ይጎዳል። ሲበራ «ስቶሬጁን እያጣራሁ ነው» እያለ የሚቆይ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። በሦስቱም ላይ 2.5 ኢንች፣ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር ያልበለጠ፣ 480 ወይም 500 ጊጋባይት፣ ሳታ በሚባለው መሰኪያ የሚገናኝ ኤስኤስዲ ያስገቡ። መጀመሪያ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር ገብተው ጌሞቹን ጭምር ፎርማቱ ኤክስፋት በሆነ የውጭ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ይህን ከዘለሉ ሁሉንም እንደ አዲስ መጫን እና አፕዴቱን ማውረድ ነው። ከዚያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው የላይኛውን የሚያብለጨልጭ ክዳን ወደ ጎን ይግፉት። የፕሌይስቴሽን ምልክቶች ያሉበትን አንድ ብሎን ፈትተው ትሪውን ይሳቡ፣ የትሪውን አራት ብሎኖች ፈትተው ዲስኩን ይቀይሩ።

ለሲስተሙ ፍላሽ ያስፈልጋል። «ፒኤስ4» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ «አፕዴት» የሚል፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የሚወርደው ትንሹ የአፕዴት ፋይል ሳይሆን 1 ጊጋባይት አካባቢ የሆነው የሪኢንስቶሌሽን ፋይል ነው። ትንሹን ከጫኑ ባዶውን ዲስክ አይቀበልም። ፍላሹን ማሽኑ ላይ ሰክተው ሁለተኛው ቢፕ እስኪሰማ፣ 7 ሰከንድ ያህል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ይያዙ፤ ጆይስቲኩን በኬብል ሰክተው ከሚመጣው ዝርዝር 7ኛውን ምርጫ ይጫኑ። የመክፈቻው ጊዜ በግልጽ ያጥራል፤ ሲሪስ ኤስን ግን አያክልም፣ የማሽኑ ሳታ መስመር በሰከንድ ከ300 ሜጋባይት አያልፍምና። ፍሬምም አይጨምርም።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ማሽን አይሞቅም» የሚለውን አይመኑ። በ2,500 ሜትር ገደማ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፣ ስለዚህ ፈጥኖ ይዞራል፣ ይጮሃል። ኮንሶሉን ሌባ ፈርተው በብረት ሳጥን ከቆለፉት ከኋላው 10 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዉለት፣ የሳጥኑንም ጀርባ ይብሱት። አቧራውን ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ውጭ አውጥተው ያስነፉ። አንድ ኮንሶል ከነቲቪው 200 ዋት አካባቢ ይፈጃል፤ ለእያንዳንዱ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ቢኖር መብራት ሲሄድ በሥርዓቱ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል።

ገንዘብ ከተረፈዎት የሚያዋጣው ዲስክ የሚቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮችዎን ያጫውታል። የያዙት ጆይስቲክ በፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ላይ ይሠራበታል፣ በፕሌይስቴሽን 5 ጌሞች ላይ ግን አይሠራም፤ ተጨማሪ ሁለተኛ ጆይስቲክ በሒሳብዎ ይያዙ።

ፕሮው በጣም ረክሶ ካማለለዎት ግን ኮምቦልቻ ሲሄዱ የራስዎን የጌም ዲስክ ይዘው ይሂዱ። ግማሽ ሰዓት ያጫውቱት፤ ፋኑ እየጮኸ መጥቶ ማሽኑ በራሱ ከጠፋ ቢያንስ ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቋል። ዲስኩን ሦስት አራት ጊዜ ያስገቡ፣ ያስወጡ። ኤችዲኤምአይ ኬብሉን በጣት በቀስታ ነካ ሲያደርጉት ምስሉ ከጠፋ የኬብሉ መሰኪያ ተሰብሯል። ኢንተርኔት ላይም ገብተው አካውንት ይክፈቱበት፤ የታገደ ማሽን የሚታወቀው ያኔ ብቻ ነው።