ጥያቄው ሲቀየር ቁጥሩ ለምን ይቀየራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አንድ ላይ አቀርባለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት አገር አቀፍ የቤት ለቤት ጥናት እንዴት እንደሚሻሻል ነው። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በር እያንኳኳሁ ነው። ኋላ ተቆጣጣሪ ሆንኩ፤ ከዚያም መጠይቅ ወደሚዘጋጅበት ክፍል ገባሁ። ስለዚህ መልሴ ከቢሮው ይልቅ ወደ ደጃፉ ያደላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥ አስተባባሪ ነኝ። የፍጆታ መጠይቃችን ቤተሰቡ ባለፉት 30 ቀናት የተጠቀመውን ምግብ ይጠይቃል። አሁን ወደ 7 ቀን እናሳጥረው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሰው የ30 ቀን ነገር እንደማያስታውስ ግልጽ ነው። ታዲያ ገንዘብና ጊዜ አጥፍተን ሙከራ ከምናደርግ በቀጥታ ብንቀይረው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ግልጽ ነው» ባልከው ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰው ይረሳል፤ የተረሳውም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ግን ሰው የሚሳሳተው በመርሳት ብቻ አይደለም። «ባለፉት 7 ቀናት» ስትለው፣ ከአሥር ቀን በፊት የሆነውንም ትዝ ስላለው ብቻ ይጨምርልሃል። ሊዋሽህ ፈልጎ አይደለም፤ ትዝታ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። የምትጠይቀው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ደግሞ በጠርዙ ሾልኮ የሚገባው ነገር ከጠቅላላው የሚይዘው ድርሻ ይበዛል። እንግዲህ 30 ቀን ወደ ታች ሊጎትት፣ 7 ቀን ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። እውነቱ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ የለም።

ኔተርና ዋክስበርግ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ለቤት ጥገና የሚወጣን ወጪ ሲመረምሩ ይህንኑ ሾልኮ መግባት በሙከራ አሳይተዋል። መድኃኒቱም ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ጉብኝት የተነገረውን ትይዛለህ፤ በሁለተኛው ስትመለስ «ይህን ባለፈው ነግረውኛል፤ ከዚያ ወዲህስ?» ትላለህ። ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ሁለተኛ አይቆጠርም።

አንተን በቀጥታ የሚመለከትህ ግን የህንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ህንዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ማሃላኖቢስና ባልደረባው የሳምንቱንና የወሩን ጥያቄ ጎን ለጎን ሞከሩ። የሳምንቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጠ። በዚያ ብቻ አልረኩም፤ በቤቶች ውስጥ ምግቡ በሚዛን እንዲለካ አደረጉ። ለሚዛኑ የቀረበው የወሩ መልስ ሆኖ ተገኘ። አገሪቱም ለአሥርት ዓመታት 30 ቀን ስትጠይቅ ኖረች።

ጥያቄው በ1990ዎቹ እንደገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በተለመደው የ30 ቀን ቅጽ ተጠየቀ። ሌላው ወገን ለምግብ 7 ቀን፣ አልፎ አልፎ ለሚገዙ ዕቃዎች ደግሞ 365 ቀን የሚል ቅጽ ደረሰው። በአዲሱ ቅጽ የተለካው የድህነት መጠን ወደ ግማሽ በሚጠጋ ወረደ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአንድ ሠንጠረዥ ሁለት ዓምዶች መካከል ድሃ ሆኑ፣ ድሃ መሆናቸውም ቀረ። በሕይወታቸው አንዳች ነገር አልተቀየረም፤ የተቀየረው ጥያቄው ነው። እኔ ይህን ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በየደጃፉ ያነበብኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ።

ስህተቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። በ1999 እና 2000 በተካሄደው ትልቁ ዙር፣ የ7 ቀኑና የ30 ቀኑ ጥያቄ ለአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ገጽ፣ ጎን ለጎን ተደርጎ ቀረበ። ሐሳቡ ሁሉንም ወገን ለማስደሰት ይመስላል። ግን ደጃፉ ላይ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ። መላሿ ለ7 ቀኑ «ሁለት ኪሎ» ትላለች። ወዲያው «በ30 ቀንስ?» ትባላለች። ከዚያ በኋላ አታስታውስም፤ ታባዛለች። ባታባዛ እንኳ ጠያቂው «ሁለት ካሉ በወር ስምንት መሆኑ ነዋ» ይላታል፤ እሷም ትስማማለች። አንዱ መልስ ሌላውን በከለው። ውጤቱ ከቀድሞዎቹ ዙሮች ጋር ሊነጻጸር ስላልቻለ፣ ድህነት ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም የሚለው ክርክር ዓመታት ወሰደ።

ስለዚህ በቀጥታ አትቀይሩ፤ ሁለቱንም ለአንድ ቤት አትጠይቁ። በዕጣ ከፋፍሉ። ዕጣውን ታብሌቱ ያውጣ እንጂ ጠያቂው አይምረጥ፤ የመምረጥ ዕድል ከተሰጠው ለደከመው ቀን አጭሩን ያስቀምጣል፤ እኔም አደርገው ነበር።

ቀጥሎ የሚነሣው ማን የትኛውን ቅጽ ይያዝ የሚለው ነው። አንዱ ቡድን አሮጌውን፣ ሌላው አዲሱን ከያዘ ልዩነቱ የቅጹ ይሁን የቡድኑ አይታወቅም። ማሃላኖቢስ ናሙናውን እርስ በርስ ወደተጠላለፉ ንዑስ ናሙናዎች ከፍሎ ለየቡድኑ ይሰጥ የነበረው፣ ጠያቂ ከጠያቂ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ነበር። እኔ የምመርጠው አንድ ጠያቂ ሁለቱንም ቅጽ እንዲይዝ፣ በአንድ የቆጠራ ቦታ፣ ማለትም ለጥናቱ በተከለለ ሰፈር ውስጥም ሁለቱም እንዲገኙ ነው። ጉዳት የለውም አልልም፤ የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው ይዞ ሊሄድ ይችላል። ግን በሥልጠና ሊጠበብ የሚችል ጉዳት ነው።

ስለ ቁጥሩ ብዛት አለቆችህ መጠየቃቸው አይቀርም። ሠላሳ ቤት ሄዶ መሞከር የተሰበረ መዝለያ (ጠያቂውን ወደተሳሳተ ጥያቄ የሚያሻግር መመሪያ)፣ ምላስ ላይ የሚንከባለል ቃል፣ የጎደለ አማራጭ ለማግኘት በቂ ነው። ልዩነት ለመለካት ግን አይበቃም። ከመቶ 50 እና ከመቶ 55 መካከል ያለን ልዩነት በተለመደው መመዘኛ ለመለየት፣ ማለትም ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድል 5 በመቶ፣ ልዩነቱ ካለ ደግሞ የማግኘት ዕድል 80 በመቶ እንዲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቅጽ 1,560 ገደማ መላሽ ያስፈልጋል። ይህ ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ከተደለደሉ ነው። የቆጠራ ቦታዎችን ራሳቸውን ለሁለት ከከፈላችሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚመሳሰል ቁጥሩ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። በሠራሁበት አንድ ጥናት ከወረቀት ወደ ታብሌት ገባን፣ ጥያቄዎቹን አሳጠርን፣ ናሙናውንም አደስን፤ ሁሉንም በአንድ ዙር። ወጪው ከቀድሞው ዘለለ። ስብሰባ ላይ ምክንያቱን ስንጠየቅ የሦስታችን መልስ ሦስት ዓይነት ሆነ፤ ማናችንም ትክክል መሆናችንን ማሳየት አልቻልንም። የዚያ ዙር ቁጥር ዛሬም ከፊተኞቹ ጋር ሳይታረቅ ተቀምጧል፤ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

የመጨረሻው፦ ትልቅ ቁጥር ያመጣው ቅጽ የተሻለው ነው ብላችሁ አትነሡ። በታንዛኒያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ስምንት ዓይነት የፍጆታ መጠይቅ በዕጣ ተደልድሎላቸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። የሙከራው ብርታት የስምንቱ ቅጾች ብዛት አይደለም። አንዱ ቅጽ መለኪያ እንዲሆን መታሰቡ ነው። በዚያ ቅጽ እያንዳንዱ አዋቂ የቤተሰብ አባል በየራሱ ማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ነበር፤ ጠያቂውም ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ያይ ነበር። ሌሎቹ የተመዘኑት በዚያ ነው። እናንተም ጥቂት ቤቶችን መርጣችሁ እንዲህ ያለ ውድ መለኪያ ካላስቀመጣችሁ፣ ሁለቱ ቅጾች እንደሚለያዩ ታውቃላችሁ እንጂ የትኛው እንደሳተ አታውቁም።

ጥያቄ፦ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። «ባለፉት 7 ቀናት ሥራ ሠርተዋል?» ብዬ ሳነብ፣ እጃቸው ላይ ሥራ ያለባቸው ሰዎች «ሥራ የለኝም» ይሉኛል። ላብራራላቸው ወይስ የተጻፈውን ብቻ አንብቤ ልለፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺን ሰውዬ አውቀዋለሁ። እኔ ያገኘሁት ወንበር እየጠገነ ነበር። መጋዙን አስቀመጠ፣ ከክንዱ ላይ ፍቅፋቂውን አራገፈ፣ «ሥራ የለኝም ልጄ፣ ካጣሁ ሁለት ዓመቴ» አለኝ። ወንበሩ የማን ነው ስለው የጎረቤት ነው አለ። ይከፍልሃል? «ታዲያስ!» በእሱ ጆሮ ሥራ ማለት መቀጠር ነው፤ ደመወዝ፣ አለቃ፣ መግቢያ ሰዓት። ቋንቋችንም ይህን ያግዘዋል፤ «ሥራ ይዟል» ስንል ተቀጥሯል ማለታችን ነው።

ለጥያቄሽ መልሱ፦ የተጻፈውን አንብቢ፤ ከመመሪያው ውጭ አታብራሪ። የሰማሽውን ግን በአስተያየት መስኩ ላይ ቃል በቃል ጻፊ፤ ለተቆጣጣሪሽም ንገሪ። ልብሽ ለሰውዬው እንደሚያዝን ይገባኛል። ግን መቶ ጠያቂ በየራሱ ካብራራ መቶ መጠይቅ ሆነ ማለት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ጥናት የድሮ ጥያቄ ይህን ይመስል ነበር፦ «ባለፈው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ምን ሲያደርጉ ነበር? ሲሠሩ፣ ቤት ሲይዙ፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ወይስ ሌላ?» ጠያቂዎቹ መላሹን በዓይናቸው አይተው ጥያቄውን እንዲለዋውጡ ይፈቀድላቸው ነበር። ወጣት ካዩ ትምህርት፣ ሴት ካዩ ቤት መያዝ። በትርፍ ሰዓቷ ለገንዘብ የምትሠራው ሴት ጥያቄው ሳይጀመር አለፋት። እ.ኤ.አ. በጥር 1994 ሁሉም ሰው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራው ሥራ ይኖር እንደሆነ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲጠየቅ ተደረገ። ከዚያ በፊት ከሐምሌ 1992 እስከ ታኅሣሥ 1993፣ በየወሩ 12,000 ያህል ቤተሰቦች በአዲሱ መንገድ ጎን ለጎን ተጠይቀዋል። መጀመሪያ የሥራ አጥነቱ መጠን በግማሽ የመቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ ያለ መሰለ። ከለውጡ በኋላ ግን ባለሙያዎቹ አሮጌውን ቅጽ ወደዚያው የሙከራ ናሙና መልሰው ሞከሩት። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው አዲሱ ጥያቄ እንዳልነበረ የታወቀው ያኔ ነው። ሙከራን ራሱን መልሶ መፈተን ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ የማከብረው ሥራ የለኝም።

አንቺ የጻፍሽው አስተያየት ቢሮ ሲደርስ መሆን ያለበት፣ አሥራ አምስት ያህል ሰዎችን አስቀምጦ «ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን መጣልዎ? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ማለት ነው። የጥያቄው ሕመም ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ፈውሱ በዕጣ ይፈተን። እ.ኤ.አ. በ2013 የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በዋናነት ለራስ ፍጆታ የሚመረትን «ለክፍያ ወይም ለትርፍ» ከሚሠራው ሥራ መለኪያ ስለለየ፣ «ለሽያጭ ነው ወይስ ለቤት?» የሚል ጥያቄም በየመጠይቁ መግባት ነበረበት፤ ይህችም ጥያቄ የራሷ ፈተና ያስፈልጋታል።

በነገራችን ላይ ሰውዬው ራሱ ካልተገኘ ስለ እሱ ሌላ ሰው መጠየቅን አታቅልይው። በታንዛኒያ በተደረገ ሌላ ሙከራ፣ ስለ ወንዶች ሌላ የቤተሰብ አባል ሲመልስ፣ ሥራ ላይ ናቸው የተባሉት ወንዶች ቁጥር ቀንሷል። ቀጠሮ ይዘሽ ብትመለሺ ድካምሽ ከንቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቤታችን በዕጣ ወጣ ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ተጠየቅሁ። ጎረቤቴ ግን በግማሽ ሰዓት ጨረሰች፤ ጥያቄዎቿም ይለያሉ። ለምን?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢዬ፣ በመጀመሪያ ስለሰጡት ጊዜ አመሰግናለሁ። ይህን ባለሙያዎች ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም። ጎረቤትዎ የተለየ ቅጽ የደረሳት ሙከራ እየተካሄደ ስለሆነ፣ ወይም ረጅሙ መጠይቅ ተከፋፍሎ ለየቤቱ የተወሰነ ክፍል ብቻ ስለሚሰጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በደንብ ከተሠሩ ተገቢ ናቸው። ግን ለምን እንደተለያየ ጠያቂው ለእርስዎ መንገር ነበረበት።

ስለ ርዝመቱ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ አባት «በቤትዎ ይህ ዕቃ አለ?» ሲባሉ «አዎ» አሉ፤ ስምንት ጥያቄ ተከተለ። ለሁለተኛውም «አዎ» አሉ፤ ሌላ ስምንት። ከአራተኛው ጀምሮ ጥያቄው ሳያልቅ «የለም» ይሉ ጀመር። የቆምንበትን ክፍል ያበራ የነበረው ዕቃ ሳይቀር «የለም» ተባለ። ኋላ በታብሌቱ የተመዘገበውን ሰዓት ስናይ፣ ሌሎች ቤቶችም እዚያው ቦታ ላይ ይፈጥናሉ። «አለ/የለም» የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ቀድመው ቢጠየቁና ዝርዝሩ ከኋላ ቢመጣ «አዎ» የሚሉ ሰዎች እንደሚበዙ በተደጋጋሚ ሙከራዎች ታይቷል፤ «አዎ» ማለት ምን እንደሚያስከትል ሰው ገና አያውቅምና። መልሱ ይስተካከላል፤ ድካሙ ግን ያው ነው፤ የሚቀንሰው ጥያቄ ሲቀነስ ብቻ ነው።

ሌላ ጊዜ በርዎ ቢንኳኳ፣ የሰለቹበትን ጥያቄ ለጠያቂው በስሙ ይጥቀሱለትና አስተያየት መስኩ ላይ እንዲጽፈው ይጠይቁት። ሲጽፍም ቆመው ይዩት።