ልጅሽ «ልቤ ሮጠ» ስትል፣ ኢሲጂው ግን ደህና ሲሆን

ሰላም እህቴ። የ7 ዓመት ልጅሽ ቁጭ ባለችበት በድንገት «ልቤ ሮጠ» እንደምትልሽ፣ ሐኪም ቤት ስትደርሱ ግን ኢሲጂው (የልብን ምት በመስመር የሚቀርጸው ምርመራ) ደህና ሆኖ «ፍርሃት ይሆናል» እንደተባልሽ ጽፈሻል። እኔም በወንድ ልጄ ዓመት ያህል በዚሁ ተመላልሻለሁ።

ኢሲጂ የሚያሳየው በተነሳችበት ደቂቃ ያለውን ምት ብቻ ነው። ልቧ ወደ ልኩ ከተመለሰ በኋላ ብትነሳ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ልጄ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስቱም ደህና ነበር። የተያዘው በአራተኛው፣ ልቡ እየሮጠ ሳለ ሲነሳ ነው፤ በደቂቃ 214 ምት። ኤስቪቲ ነው አሉን። ልብን የሚያስመታው ኤሌክትሪክ ትርፍ መንገድ ያገኝና እዚያው እየዞረ ያስሮጠዋል፤ በልጆች ላይ ሕክምና ከሚፈልጉት የምት መዛባቶች በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው።

ከፍርሃትና ከሩጫ የሚለየው አጀማመሩና የሚቆምበት መንገድ ነው። ሮጦ የመጣ ልጅ ልቡ ቀስ እያለ ይረጋጋል። ይሄኛው ግን ቦግ ብሎ ጀምሮ ድርግም ይላል። ልጄ ሥዕል እየሳለ እርሳሱን ያስቀምጥና እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ከንፈሩ ይገረጣል፣ አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ሲርገበገብ ከፊቱ ሆኜ አያለሁ። ልቁጠር ብል አልደርስበትም ነበር።

ስለዚህ ሩጫው ሲነሳባት አንገቷን በስልክሽ ቅረጪ፤ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት ጻፊ፤ ሳይቆም ኢሲጂ ያለበት ቦታ ለመድረስ ሞክሪ። የ24 ሰዓቱ ሆልተር፣ ማለትም ሰውነቷ ላይ ሆኖ ምቷን ሳያቋርጥ የሚቀርጸው መሣሪያ፣ ጥሩ ነው፤ ግን በወር አንዴ የሚመጣ ከሆነ ስለሚያመልጠው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀርጽ ጠይቂ።

ሐኪሙ ለልጄ ያስተማረው ተጋድሞ በባዶ ሲሪንጅ አፍ ውስጥ ለ15 ሰከንድ ያህል በኃይል መንፋት ነው። ብዙ ጊዜ ያቆምልን ነበር። ሩጫውን ለማስቆም ዓይን መጫን ግን ጉዳት አለው፤ ማንም ቢመክርሽ እሺ እንዳትዪ። አንድ ቀን መንፋቱ እምቢ ብሎ ሩጫውን የሚያስቆመውን አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ በፍጥነት ሰጡት። የልብ ምት ማሳያው ላይ መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ዝርግ አለ። አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረምና ልጄ የሞተ መሰለኝ። ነርሷ እጄን ይዛ «አሁን ይመለሳል» አለችኝ፤ ተመለሰ። መድኃኒቱ የሚሠራው እንደዚያ መሆኑን አንቺ ቀድመሽ እወቂው።

ከዚያ ሩጫው እንዳይመለስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ጀመረ። ልጅ ካልበላ ወይም ካስታወከ ይህ መድኃኒት የደም ስኳሩን ሊያወርድበት ስለሚችል፣ እንዲህ ባለ ቀን ሳልሰጠው ለሐኪሙ እደውል ነበር። 10 ዓመት ሲሞላው በእግሩ ደም ሥር በገባ ካቴተር ትርፉን መንገድ አቃጠሉለት፤ አብሌሽን ይሉታል። ከ100 ልጆች ከ90 በላይ ይሳካላቸዋል፤ ለኛም ተሳካ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅሽ፦ ስትሮጥ ወይም ስትደነግጥ ራሷን ስታ ታውቃለች? ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? ካለ ከኤስቪቲ የከፋ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ የልጆች ልብ ሐኪም ሳያያት ስፖርት እንዳትሠራ። ሲነሳባት ራሷን ከሳተች ወይም አልቆም ካለ ሲሪንጅ አትፈልጊ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ይህ ሁሉ ባይኖርም ቪዲዮውን ይዘሽ ተመለሺና «እየሮጠ ሳለ የተነሳ ኢሲጂ እፈልጋለሁ» በያቸው።