ፒአይዲ ተምሬ ምን ልሆን ላልሽኝ

እህቴ ጥያቄሽ ደርሶኛል፦ «ጅማ ዩኒቨርስቲ ማትስ 3ኛ ዓመት ነኝ፣ አብስትራክት አልጀብራ ፒአይዲ (ፕሪንሲፓል አይዲያል ዶሜይን) ላይ ስንደርስ ጭንቅላቴ ዞረ፣ ቤት ደግሞ "ይሄ ምን እንጀራ ይሆንሻል" ይሉኛል፣ አካውንቲንግ ልግባ ወይ» ነው ያልሽው። አሁን? አይ እንዳታደርጊው፣ እስካሁን የለፋሽውን ጥለሽ ከዜሮ ልትጀምሪ እኮ ነው።

መጀመሪያ ፍራቻሽን እናቅልለው። ሪንግ ማለት እንደ ኢንቲጀር መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ያለበት ስብስብ ነው፣ ዶሜይን ደግሞ ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ነገሮች ተባዝተው ዜሮ የማይሰጡበት ሪንግ ነው። አይዲያል ውስጡ ያሉትን ብትደምሪ፣ ብትቀንሺ፣ በሪንጉ በየትኛውም ኤለመንት ብታባዢ እዛው የሚቀር ስብስብ ነው። ፒአይዲ ማለት እያንዳንዱ አይዲያል ከአንድ ኤለመንት (ጄኔሬተር) ብቻ በብዜት የሚወጣበት ዶሜይን ነው። ኢንቲጀር ላይ 12ን እና 18ን በፈለግሽው ኢንቲጀር እያባዛሽ ብትደምሪ የሚወጣልሽ የ6 ብዜት ብቻ ነው፣ 6 ለሁለቱም በቃ። ኮኤፊሸንቱ ኢንቲጀር የሆነ ፖሊኖሚያል ላይ ግን 2ን እና ኤክስን አብሮ የሚተካ አንድ ኤለመንት ፈልጊ ብትባይ አታገኚም፣ ስለዚህ ፒአይዲ አይደለም፣ ፋክተር ማድረጉ ግን እዛም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ኮኤፊሸንቱ ከፊልድ (እንደ ክፍልፋይ ቁጥሮች ከዜሮ በቀር በሁሉም ማካፈል ከሚቻልበት) ሲሆን ደግሞ ሎንግ ዲቪዥን ስለሚሰራ ችግሩ የለም።

አሁን ወደ እንጀራው። ሰሞኑን ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ ቁጭ ብዬ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው የክፍያ ኪውአር መሃሉ ላይ ቡና ፈሶበት ቡኒ ሆኗል፣ ስልኬ ግን ቲክ አድርጎ አነበበው። ያ ከ1960 ጀምሮ ያለው የሪድ ሰለሞን ኮድ (የተበላሸ ዳታ የሚያስተካክል ዘዴ) ስራ ነው፣ ትክክለኛ ኮድ የሚባለው ሁሉ የአንድ ጄኔሬተር ፖሊኖሚያል ብዜት ነው፣ ብዜት ካልሆነ ስህተት ገብቷል ማለት ነው። ያቺ "አንድ ጄኔሬተር" የምትለዋ ክፍል ውስጥ ያስለቀሰችሽ ናት።

ስለዚህ ክረምቱን ፓይተን ያዢና ትንሽ ሪድ ሰለሞን ራስሽ ጽፈሽ ጊትሃብ ላይ አስቀምጪ፣ ሲቪሽ ላይም "ሪንግ ቲዮሪ አውቃለሁ" ከምትዪ "የተበላሸ ዳታ የሚያስተካክል ፕሮግራም ጽፌአለሁ" በዪ፣ ቀጣሪው የሚገባው እሱ ነው። አልደብቅሽም፣ አልጀብራ ተማሪ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አታዪም፣ ብዙዎች ማስተማር ነው የሚገቡት፣ እሱም ክፉ ስራ አይደለም። ክሪፕቶግራፊ (መረጃን በምስጢር የመጠበቅ ሙያ) ከወደድሽ ግን በ2024 የወጣው የኳንተም ኮምፒውተርን ለመቋቋም የታሰበው ስታንዳርድ ኤምኤል ኬም የሚሰራው ፖሊኖሚያል ሪንግ ላይ ነው (ዶሜይን እንኳ አይደለም እሱስ)። ማስተርስ ካሰብሽ ኪጋሊ ያለውን ኤምስ (የአፍሪካ የማትስ ሳይንስ ተቋም) እዪ፣ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ኤግዚት ኤግዛሙን ግን አትናቂው።

ኮዱ አልሰራ ካለሽ ኤረሩን ኮፒ አድርገሽ ላኪልኝ፣ ግን ከዛ በፊት ያቺን 2 እና ኤክስ በወረቀት አረጋግጪልኝ።