አሮጌ ላንድክሩዘርን ፒክአፕ ማድረግ

ጥያቄ፦ የላንድክሩዘር 60 መኪናዬ የኋላ ቦዲ በዝገት ተበልቷል። ቆርጬ ለገጠር መንገድ የሚሆን ፒክአፕ ላድርገው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቦዲውና ሻንሲው (ከስር መኪናውን የሚሸከመው የብረት ፍሬም) የተለያዩ ናቸው። አስቀድመው ሻንሲውን በመዶሻ እየመቱ ይፈትሹ፤ በኋለኛው ባሌስትራ (ክብደት ተሸካሚው የብረት ንጣፍ) መያዣ አካባቢ ከሳሳ ባይጀምሩት ይሻላል። ባትሪውንና የነዳጅ ታንኩን ያውርዱ። ከመቁረጥዎ በፊት የግራና የቀኝ የበር ምሰሶዎችን በቱቦላሬ አያይዘው ይበይዱ፤ ያለዚያ ካቢናው ይጣመምና በሮቹ አይገጥሙም። ከፊት በሮች ምሰሶ ኋላ ቆርጠው በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ይዝጉ።

ካሶኒውን (የኋላውን የጭነት ሳጥን) ከሻንሲው ጋር በፍጹም አይበይዱት! ሻንሲው ጉድጓድ ላይ ስለሚጠማዘዝ ብየዳው ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። በመሃላቸው የጎማ ቁራጭ አስገብተው በቡሎን ያያይዙት፤ ከካቢናውም 3 ሴንቲሜትር ያህል ያርቁት። ኋላው ስለሚቀል ባዶውን ሲነዱ የኋላ ጎማዎቹ በፍሬን ቶሎ ይቆልፋሉ፤ መጀመሪያ ደረቅና ባዶ ሜዳ ላይ ይሞክሩት። የሊብሬውን ጉዳይ ግን ከመቁረጥዎ በፊት ይጨርሱ።