ጥያቄና መልስ፦ የተነካካ የፒካፕ ሞተር ላይ ቤንዚንና እሳት ማስተካከል

ዛሬ የምመልሰው የቤንዚን ፒካፕ ጥያቄዎችን ብቻ ነው። አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት 22አር የተባለው የቶዮታ ሞተር ያለው የድሮ ሃይሉክስ ነው፤ ካርብራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ዌበር 32/36 በሚባለው የተቀየረ፣ የአንዳንዱም ቫልቮላ የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ የተለወጠ። ናፍጣ የያዛችሁ ለሌላ ጊዜ ጠብቁኝ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ዌበር ካስገባሁ ወዲህ መኪናዬ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ለብሷል። የምነዳው አዲስ አበባ ነው። የተበላሸ ካርብራተር ሸጠውልኝ ይሆን?

መ፦ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርብራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ይበዛበታል።

መጀመሪያ የቫልቮላውን ክፍተት ሞተሩ እንደሞቀ አስለካ፤ ለ22አር ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ቀጥሎ እሳቱን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ አስተካክል። ወደ ቤንዚኑ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። የሚኒሞውን (ሞተሩ ቤንዚን ሳይረገጥ የሚሠራበትን) የድብልቅ ብሎን እስኪነካ ድረስ ብቻ በቀስታ አጥብቅ። አትጫነው፣ ጫፉ ይጎዳል። ከዚያ ሁለት ዙር ፍታና ሞተሩን አስነሳ። ቀስ እያልክ እንደገና አጥብቅ፤ መንተፋተፍ ሲጀምር ትንሽ መልሰው። ጥሩ የሚሠራበት ቦታ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ የሚኒሞው ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ቁራጭ) ሰፊ ነው፤ ከሁለት ዙር ካለፈ ጠባብ ነው። ያኔ ጄቱን ቀይር እንጂ ከብሎኑ ጋር አትታገል። ላዩ ላይ 60 የሚል ከተቀረጸበት ቀዳዳው 0.60 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። እባካችሁ ጄት በሽቦ አታስፉ። አንዴ ከተፋቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ጥ፦ መካኒኬ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን) እያዞረ ሞተሩ ሲፈጥን ያቆመዋል። በጆሮው ነው የሚሠራው። ይሆናል?

መ፦ እኔ አልቀበለውም። ሞተር በሚኒሞ ላይ እሳቱ ከልክ በላይ ቢቀድምም ደስ ብሎት ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚወጣው ጭነት ላይ ነው። የእሳቱን ጊዜ የሚያሳየውን የታይሚንግ መብራት ይጠቀም። የክራንኩ ፑሊ ላይ ያለችውን ጭረት አጽድቶ በጠመኔ ነጭ ያድርጋት፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን የቫኩም ቱቦ ነቅሎ ይድፈነው፣ ኮፈኑ ሥር የተጻፈውን ዲግሪ ያግኝ። ከዚያ ሞተሩን አስጩኾ እሳቱ የት ድረስ እንደሚቀድም ይይ። የዲስትሪቢዩተሩ ክብደቶች ዝገው ከያዛቸው ጭረቷ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። ይሄን ጆሮ አይነግረውም።

ጥ፦ ከአዲስ አበባ ጭኜ ወደ ሰመራ ስሄድ አዋሽን ካለፍኩ በኋላ ሞተሩ ያንኳኳል። እዚህ ግን ድምፁ ንጹሕ ነው። መንገዱ ነው ጥፋቱ?

መ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያሳሰበኝ ያንተ ነው፤ ሞተር የሚሞተው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው በትንሽ አየር ስለሆነ እሳቱ ቢቀድምም አያንኳኳም። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት፣ ሙቀቱንም ታውቀዋለህ። እዚያ ሲሊንደሩ በደንብ ይሞላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ለአዲስ አበባ ብለህ ጄት አጥብበህ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቤንዚን ያሳንሳል። የቀደመ እሳት፣ ያነሰ ቤንዚንና ከባድ ጭነት ሲገናኙ የፒስተን አናት ይበላል፤ ሲብስም ይበሳል።

መንገድ ላይ ከሰማኸው እግርህን ከቤንዚን ፔዳሉ ላይ ቀለል አድርግ፣ ማርሽ አውርድ፣ ከቻልክ ቁምና እሳቱን ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ኋላ መልስ። ስትደርስ ካንዴላ ፍታ። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ካየህ የፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። ሳታስተካክል አትመለስ። የእኔ ምክር ይሄ ነው፦ በዚህ መስመር የሚሠራ መኪና ለሰመራ ይስተካከል። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ጉልበት ቢያንስህና ጥቂት ቢያጨስ ሞተርህ ይኖራል።

ጥ፦ አዲስ አበባ ላይ የሞተሬ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ 130 ፒኤስአይ ሆነ፤ መጽሐፉ 171 ይላል፣ ከ142 በታች አይፈቅድም። ጋራዡ ይታደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት መኪና ነው።

መ፦ አባቴ፣ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ 22አር ራሱ 130 አካባቢ ነው የሚያነበው። አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ያስመልክቱ። ልዩነታቸው ከ14 ካላለፈ ሞተርዎ ደህና ነው።

ጥ፦ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነኝ። 5.3 ሊትር ሲልቨራዶ ፒካፕ ላይ ትልቅ ካም (ካምሻፍት) አስገባሁ። ቲዩን ከተደረገ (የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከተስተካከለ) በኋላ ኮምፒውተሩ እሳቱን ወደ ኋላ እየጎተተ ነው። የምሞላው ቤንዚን 85 ኦክቴን (ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) ነው።

መ፦ መጀመሪያ ነዳጁን ቀይር። 85 እዚያ የሚሸጠው አየሩ ሳስቶ ስለሚሸከመው ነው፤ ለተነካካ ሞተር አይሆንም። በተሻለ ኦክቴን ሞልተህ ኮምፒውተሩ እሳቱን የሚጎትትበትን ቁጥር እንደገና ቅዳ። ቀጥሎ ዋይድባንድ በሚባለው የጭስ ማውጫ ሴንሰር የአየርና የቤንዚኑን ልክ እይ፤ ሙሉ ስትረግጥ ለአንድ እጅ ቤንዚን 12.8 እጅ አየር አካባቢ ይሁን። የእሳት ሰንጠረዡን የምትነካው ያ ሲረጋ ነው። በሚኒሞ ላይ ግን ሴንሰሩን ሙሉ በሙሉ አትመን። በትልቅ ካም ያልተቃጠለ አየር ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚያልፍ ቤንዚን ያነሰ ያስመስላል።

ጥ፦ ቤንዚን ስረግጥ ለአፍታ ይታፈንና ከዚያ ይነሳል። ዌበር ነው።

መ፦ ሞተሩን አጥፋ፣ የአየር ፊልትሮውን አንሳ፣ ጋዙን በእጅህ እየሳብክ ወደ ውስጥ ተመልከት። ወዲያው ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ ካልወጣ የካርብራተሩ ፓምፕ ላስቲክ ደርቋል ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል።

ጥ፦ ጠንካራ ቦቢና (የካንዴላውን ኤሌክትሪክ የሚያጠነክረውን) ብገዛ ጉልበት ይጨምርልኛል?

መ፦ እሳቱ አሁን ካልተቆራረጠ አይጨምርም። በዚያው ገንዘብ አዲስ ካንዴላና ካቦ ግዛ፤ የካንዴላውን ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር አድርገው።