ያገለገለ ስልክ ስክሪን በምን ይፈተሻል?

ጥያቄ፦ ከሰፈራችን ሻጭ ያገለገለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ልገዛ ነው። ስክሪኑ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፕሮቴክተሩን ያስነሱት፤ ቀጭን ስንጥቅ የሚደበቀው ከሱ ስር ነው። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨምረው መደወያው ላይ *#0*# ይጻፉ። በአብዛኞቹ ጋላክሲዎች የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ተራ በተራ ይክፈቱ። የኪቦርድ ወይም ከላይ የሰዓቱና የባትሪው ምልክት ጥላ ከታየ አሞሌዱ (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) ተቃጥሏል፤ ስክሪን ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። ሻጩ «ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል» ቢልዎት አይመኑት። ቀጥሎ «ተች» የሚለውን ከፍተው ሳጥኖቹን በጣት ያዳርሱ፤ ቀለሙን የማይቀይር ሳጥን ካለ እዚያ ጋ ንክኪው ሞቷል። ቻርጀር ሰክተውም ይድገሙት፤ ርካሽ ቅያሪ ስክሪን ብዙ ጊዜ ቻርጅ ላይ ሲሆን ሳይነኩት በራሱ ይነካካል።